ኦርጅናል ኮፒ

«ኦርጅናል ኮፒ ነው» የሚል ነጋዴ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ኦርጅናል ከሆነ ኮፒ አይደለም፤ ኮፒ ከሆነ ኦርጅናል አይደለም። ሁለቱን አጋብቶ ዓይኔን እያየ የሚነግረኝ ሰው ወይ እኔን ሞኝ አድርጎኛል፣ ወይ ራሱን አታሏል። መቐለ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ግን ይህን ቃል ሳልሰማ የማልፍበት መንገድ የለም። ጫማው ኦርጅናል ኮፒ፣ ሽቶው ኦርጅናል ኮፒ፣ ቻርጀሩ ኦርጅናል ኮፒ። ጫማ እንኳን ሲቀደድ ያሳውቃል፤ ጣት ብቅ ትላለች፣ ባለቤቱ ያያል። እኔን የሚያቃጥለኝ ፍላሹ ነው።

የምተዳደረው ስልክና ፍላሽ በመጠገን ነው። ሱቄ ሱቅ ይባል እንጂ በልብስ ሰፊና በሻይ ቤት መሃል የተሸጎጠ ቆርቆሮ ነው። አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ የመበየጃ ካውያ፣ ማጉሊያ መነጽርና ወረንጦ አለኝ። ቁጣም አለኝ። እናቴ «በአባትሽ ወጥተሽ ነው» ትለኛለች፤ አባቴ ደግሞ ወደ እሷ ይጠቁማል። እሷ የወሎ ሙስሊም ናት፣ እሱ የዚሁ የመቐለ ክርስቲያን፤ ሁለቱ ያለ ክርክር የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር እኔ ነገር ቶሎ አይበርድልኝም የሚለው ነው።

የውሸት ፍላሽ እንዴት እንደሚዋሽ ላስረዳ፤ ካላስረዳሁ ንዴቴ አይገባችሁም። ፍላሽ ሲፈታ ውስጡ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ዕቃው የሚቀመጥበት ነው፤ መጋዘን በሉት። ሌላው ኮንትሮለር የሚባል ከጥፍር የሚያንስ ጥቁር ነገር ነው። ኮምፒውተር መጋዘኑን ገብቶ አያይም፤ የሚያውቀው ኮንትሮለሩ የነገረውን ብቻ ነው። ደላላ ማለት ነው። ደላላው «ቤቱ ሰፊ ነው፣ ያለህን ሁሉ አምጣ» ካለው ኮምፒውተሩ አምኖ ያለውን ሁሉ ጭኖ ይመጣል። ቤቱ ግን አንዲት ክፍል ናት። ክፍሏ እስክትሞላ ዕቃው በደህና ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደላላው በፊት በር እየተቀበለ በጓሮ ሜዳ ላይ ይደፋዋል፤ ለባለቤቱ ግን «ገብቷል፣ ገብቷል» ይለዋል። የዕቃው ስም በሩ ላይ ይጻፋል። ስሙን ያየ ሰው ዕቃው አለ ብሎ ሄዶ ይተኛል።

የኔ ሥራ ይህን ደላላ እውነት ማናገር ነው። እያንዳንዱ ኮንትሮለር የራሱ ማዘዣ ሶፍትዌር አለው፤ ፋብሪካው ውስጥ የሚሠሩበት ነው። ሾልኮ የወጣውን ከኢንተርኔት ፈልጌ አወርዳለሁ። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው፣ ቫይረስ አያጣውም፣ የአንዱም ለሌላው አይሠራም። አንዳንዱ ፍላሽ እልኸኛ ይሆንና ሁለት እግሩን በወረንጦ አገናኝቼ ካልቀሰቀስኩት አልሰማም ይላል። ሲሳካልኝ ሁለት ቴራ ነኝ እያለ የኖረው ፍላሽ ስምንት ጊጋ መሆኑን ያምናል። ያምናል፣ ግን በሚያምንበት ቅጽበት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠረጋል። ሌላ መንገድ የለውም።

ስለዚህ «አስተካክይልኝ» የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ፤ የማስተካክልልህ ፍላሹን ነው ወይስ ውስጡ ያለውን? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሁለቱንም»። አንዱ ደግሞ «ፎርማት አድርጊውና ፎቶዎቼን መልሽልኝ» ብሎኛል። ቤቴን አፍርሰሽ ሥሪልኝ፣ ዕቃዬ ግን ካለበት ንቅንቅ እንዳይል እንደማለት ነው። ስጮህባቸው ይሥቃሉ። ሰዎቹ ጥፋት የለባቸውም፤ ጩኸቴ ለእነሱ አልነበረም።

ጩኸቴ ከሱቄ ማዶ ላለው ሰው ነበር። ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል። በሩ ላይ ወገቤ ድረስ የሚመጣ ስፒከር ገትሮ ቀኑን ሙሉ ሰፈሩን ሲያንቀጠቅጥ ይውላል። የወሎ ልጅ ነው፣ የእናቴ አገር ሰው፤ አፉ ማር ነው። አንድ ቀን እጁ ሙሉ ፍላሽ ይዞ መጣና መስኮቴ ላይ ዘረገፈው።

«እህት ዓለም፣ ያቺ ሶፍትዌርሽ ቁጥር ታወርዳለች አይደል?» አለኝ።

«ታወርዳለች።»

«ማውጣትስ አትችልም?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ጆሮዬ ጋለ። ትችላለች። እውነት የምታናግረው ሶፍትዌር ውሸትም ታናግራለች፤ ፍላሾቹን መጀመሪያ ያዋሸቻቸውም እሷው ናት። ሰውየው ደህናዎቹን ስምንት ጊጋዎች ሁለት ቴራ ነን እንዲሉ እንዳስተምራቸው ነበር የመጣው። ፍላሾቹን በክንዴ ጠርጌ መንገዱ ላይ አፈሰስኳቸው። ጎንበስ ብሎ እየለቀመ፣ እየሣቀ፣ «አብሽሪ፣ ቀልዴን እኮ ነው» አለኝ።

አብሽር የወሎ ሰው ቃል ነው። የታመመ ሲያይ፣ የከሰረ ሲያይ፣ ሰው የሞተበት ሲያይ «አብሽር» ይላል፤ አይዞህ፣ ደህና ይሆናል፣ ፈጣሪ አለ ማለቱ ነው። እናቴ ግንባሬን በእጇ ይዛ «አብሽሪ» ስትለኝ ትኩሳቱ የሚለቀኝ ይመስለኝ ነበር። ይህ ሰው ግን ዕቃ ይሸጥበታል። «ዋስትና አለው?» ሲሉት «አብሽር»። «ቢበላሽ ትቀይርልኛለህ?» ሲሉት «አብሽር»። ያንን ቃል ከእናቴ አፍ ሰርቆ ለገበያ ያወጣው ይመስለኛል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ልጠላው እችል ነበር።

አሁን ስለ አቦይ ልናገር።

አቦይ የእናቴ አገር ሰው ናቸው፤ ገና በጎልማሳነታቸው መቐለ መጥተው እዚሁ የቀሩ። እናቴ «አያ» ትላቸዋለች። እኔ እዚህ ተወልጄ እንዳደገ ሰው «አቦይ» እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰልባጅ ሲሸጡ ነው የኖሩት። ከሱቃችን ፊት ያለው መንገድ ላይ ሸራ ዘርግተው፣ ሸሚዝ በአንድ እጅ፣ ሱሪ በአንድ እጅ ከፍ አድርገው ሲጣሩ ድምፃቸው ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ሲጣሩ ውለው ጉሮሯቸው ሲደርቅ ወደ ሻይ ቤቱ ዞረው «ኧረ ውሃ አቀብሉኝ!» ይላሉ። የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ የአክሱም ሰው፣ ያላትን ሥራ ጥላ በብርጭቆ ይዛላቸው ትወጣለች። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖሩ እኔ አላውቅም፤ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበር።

ይህ የቀን ድምፃቸው ነው። ሌላም ድምፅ ነበራቸው። ቤታቸው ከኛ ቤት በአንድ ግንብ ብቻ ነው የሚለየው፤ ሐሙስ ሐሙስ ሲመሽ ድቤው ይመታና መንዙማ ያወርዱ ነበር። አባቴ፣ ክርስቲያኑ ሰውዬ፣ ያን ጊዜ ራዲዮኑን ይዘጋል። ለምን እንደሚዘጋ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። መብራትም ስልክም ባንክም በጠፋበት በዚያ የጦርነት ጊዜ፣ ራዲዮኑም ባትሪ አጥቶ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠበት ጊዜ፣ ከግንቡ ማዶ የሚመጣው የሳቸው ድምፅ ብቻ ነበር። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ግንቡን ተደግፎ ይቆማል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። እኔ ስለ ሃይማኖት ብዙ የምናገረው የለኝም፤ ያን ጊዜ ግን እኚህ ሰው ባይኖሩ አብድ ነበር።

ከመንዙማዎቹ ብዙዎቹን የገጠሟቸው ራሳቸው ናቸው። በወረቀት የሰፈረ አንድም የለም። አብረዋቸው የሚቀመጡት ሰዎች ተቀባዮች ናቸው፤ ተቀባይ የሚያውቀው አዝማቹን ነው። አቦይ ያወርዳሉ፣ እነሱ ይቀበላሉ። ግጥሙ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነበር፤ የሚወርሰው አውራጅ ገና አልተገኘም።

ድምፃቸው መሻከር ሲጀምር ከጩኸቱ ነው አልን። ሲብስ ልጃቸው ይዛቸው ዓይደር ሆስፒታል ሄደች። ማንቁርታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሞቹ አልሸሸጉም፤ «ነፍስዎን ልናተርፍ እንችላለን፣ ማንቁርቱ ግን መውጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ አይናገሩም» አሏቸው። አቦይ አልተከራከሩም። የጠየቁት ትንሽ ቀን ብቻ ነበር።

ልጃቸው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ የሰው አገር ሰው የሚለብሰውን ሸሚዝ እጅጌ ስታያይዝ ውላ ትመጣና ስልኳን አባቷ ፊት ትደቅናለች። እሳቸው በዚያች በተሻከረች ድምፅ ያወርዳሉ። የሚያውቁትን ሁሉ። እየሳሉ፣ እያረፉ፣ እየደገሙ። እኔ ከግንቡ ማዶ ሆኜ እሰማ ነበር፤ ሲሰባበርባቸው ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። ተቀባይ አልነበረም፤ ድቤም አልነበረም። ሐኪም ቤት ሊገቡ ሲሉ ጨረሱ። «አሁን ይውሰዱት» አሉ አሉ፤ ልጅቷ ናት የነገረችኝ።

የስልኳ ሆድ ሞልቶ ስለነበር ልጅቷ ፍላሽ ፈለገች። እኔ ፍላሽ አልሸጥም። ሄደች ወደዚያ ሰውዬ ሱቅ። ለምን አትሄድም? የአገሯ ልጅ ነው። መቐለ ሲመጣ መጀመሪያ ያስጠጉት አቦይ ናቸው፤ የሰልባጁ ቦንዳ ላይ ነው ሲተኛ የከረመው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የአባቷን መንዙማ ማስቀመጥ እንደምትፈልግ ነገረችው። ሁለት ቴራ የተጻፈበት የሚያብረቀርቅ ፍላሽ አወጣላትና «ኦርጅናል ኮፒ ነው። እንኳን የአያን፣ የወሎን መንዙማ ሁሉ ቢጭኑበት አይሞላም» አላት። ራሱ ስልኳ ላይ ያለውን ወደ ፍላሹ አዛወረ፤ አዛውሮም «እንዲቀልሽ» ብሎ ከስልኳ ላይ አጠፋው። በዚያ ላይ ስጦታ ጨመረላት። ፍላሹን አስቀድሞ በፊልም ሞልቶታል፤ የቱርክ፣ የሕንድ፣ ያልሆነ የለም። «አያ ሲያገግሙ ይዝናኑበት» አላት። አመስግናው ወጣች።

አቦይ ተቀደዱ፣ ዳኑ። ቁስሉ እስኪደርቅ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ልጅቷ ያንን ጊዜ ሁሉ ፍላሹን በጨርቅ ቋጥራ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር። አባቷ ራሳቸው ጆሯቸውን ነክተው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ፤ እንስማ ማለታቸው ነው። ሰካችው። የመንዙማዎቹ ስም ሁሉ ተደርድሮ መጣ። የመጀመሪያው ትንሽ ተናግሮ አለቀ። ሁለተኛውን ነካች፤ እምቢ። ሦስተኛውን፤ እምቢ።

የሥራ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ሱቄ ደረሰች። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል።

«ሓፍተይ፣ ስሙ አለ። ደቂቃውም አለ። ድምፁ ግን የለም። አስተካክይልኝ በጃኺ» አለችኝ። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች እንደ እኔ ሁለቱን ቋንቋ ቀላቅላ ነው የምታወራው።

እንደ ልማዴ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፍላሹን ነው ወይስ ውስጡ ያለውን? አልጠየቅኳትም። ፍላሹን ገና ሳየው የማን ሱቅ ዕቃ እንደሆነ ዐውቄ ነበር። «ማንም እንዳይነካው፣ አንቺም ሂጂ፣ ስጨርስ እጠራሻለሁ» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ፊቴን እንድታየው አልፈለግሁም።

ማዘዣ ሶፍትዌሯን አላስነሳሁም። እሷ ከተነሳች ሁሉም ያበቃል። መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ያለውን እንዳለ፣ ባዶውንም ጭምር፣ ወደ ላፕቶፔ ቀዳሁ። ከዚያ ኮንትሮለሩን ማንነቱን ጠየቅሁት። ስምንት ጊጋ። ያቺ አንዲት ክፍል። ክፍሏ ውስጥ ምን እንዳለ ከፈትኩ። የቱርኩ ፊልም አለ። የሕንዱ አለ። አንድ ቆንጆ ልጅ ዝናብ ላይ ስታለቅስ አየሁ፣ ምስሏ ጥርት ያለ፣ ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ አንድ ነገር ሳይጎድላት። ክፍሏን የሞላት ስጦታው ነው። መንዙማዎቹ ሲመጡ ቦታ አልነበረም። ስማቸው በሩ ላይ ተጽፎ እነሱ በጓሮ ተደፍተዋል። ተደፍተዋል ስል ደግሞ አንድ ቦታ ወድቀዋል፣ ይፈለጋሉ ማለቴ አይደለም። ስማቸው የሚያመለክተውን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ዜሮ ነው። ዜሮ ብቻ።

ስልኳንም አስመጣሁ። የሚጠፋ ነገር ቶሎ ከደረሱበት ከስልክ ላይ አንዳንዴ ይገኛል። እሷ ግን እነዚያን ወራት ሁሉ ስትጠቀምበት ኖራለች፤ አስታማሚ ሆና ስትደውል፣ የቁስሉን ፎቶ እያነሳች ለሐኪም ስታሳይ። በላዩ ላይ ብዙ ነገር ተጽፎበታል። አንድ ቃል አላገኘሁም።

አለቀስኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀስኩም። ተናደድኩ። መነጽሬን ወርውሬ ሰበርኩት። አንድ ሰው ለመኖር ብሎ ጉሮሮውን እያስቆረጠ፣ ከመቆረጡ በፊት ያለውን ሁሉ አውጥቶ ለአገሩ ልጅ ይሰጠዋል፤ የአገሩ ልጅ ደግሞ በዚያ ቦታ ላይ የምታለቅስ የቱርክ ልጅ አስቀምጦ ይጠብቀዋል። ይህን አስቤ አስቤ ማብረድ አልቻልኩም።

ከሁሉም የተረፈው አንድ ነው። ፊልሞቹ ክፍሏን ሲሞሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ተርፋ ነበር፤ በዚያች ውስጥ የመጀመሪያው ቅጂ ገብቷል። የመጀመሪያው ደግሞ መንዙማ አይደለም፤ ሙከራ ነው። አቦይ ይስላሉ። «ይቀዳል?» ይላሉ። ልጅቷ «ይቀዳል አባ፣ ይጀምሩ» ትላለች። አቦይ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ «ቆይ፣ ቆይ፣ ደረቀብኝ። ኧረ ውሃ አቀብሉኝ!» ይላሉ። አለቀ።

ለልጅቷ ስነግራት መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ በእጄ» ትላለች ደጋግማ። ጮህኩባት። ጥፋቱን ለሌባው ተይለት አልኳት። ከዚያ አብረን አባቷ ጋ ገባን።

አቦይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ላይ ስስ ሻሽ ጠምጥመዋል። ሳላለባብስ ነገርኳቸው፤ መዋሸት አልችልበትም፣ ለሳቸው ደግሞ አይገባም። የማን ፍላሽ እንደሆነ፣ ምን እንደተጫነበት፣ ምን እንደቀረ ተናገርኩ። ያቺን አንዷን በደህና ፍላሽ ላይ ለብቻዋ ገልብጬ ይዤ ነበርና ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካኋት። ሰሙ። ስታልቅ አንድ ጣታቸውን አነሱ፤ ድገሚው። ደገምኩት። ጣታቸውን እንደገና አነሱ። እንደገና። ልጅቷ አፍና የያዘችውን እንባ ለቀቀችው። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ ከአልጋው ወርደው ጫማቸውን ፈለጉ። ኮታቸውን ለበሱ። ወደ በሩ ጠቆሙ፣ ቀጥሎ ወደኔ፣ ቀጥሎ ወደ ፍላሿ። ነቅዬ ተከተልኳቸው።

ነጋዴው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሲያየን ስፒከሩን ዝቅ አደረገና እጆቹን ዘረጋ።

«አያ! እንኳን ለዚህ አበቃዎ! ዳኑ ሲሉኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ፤ ልመጣ፣ ልመጣ ስል ይኸው ራስዎ መጡ። ይግቡ፣ ይቀመጡ!»

አቦይ አልገቡም። የፍላሹን ነገር ሁሉ እኔ ተናገርኩ፣ ሰፈሩ እንዲሰማ አድርጌ። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ። ነጋዴው ፊቱ ትንሽ ቀላ፣ ቶሎ መለሰው።

«እኔ ምን ላድርግ እህት ዓለም? ታሽጎ ነው የሚመጣልኝ፤ ቻይና ገብቼ አላየሁ። ኦርጅናል ኮፒ ብዬ ነው የሸጥኩት፤ ኦርጅናል ነው አላልኩም። የቱ ላይ ዋሸሁ?»

«ቁጥሩን አውጪልኝ ብለህ እጅህ ሙሉ ይዘህ የመጣኸውስ? እሱንም ቻይና ነው ያሸገው?»

ከኔ ዞሮ ወደ አቦይ ሄደና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «አያ፣ አጥፍቼም ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። አባቴ ነዎት» አለ። ጎንበስ እንዳለ ቆየ።

በወሎ ሰው ዘንድ በዳይ ጉልበት ላይ ሲወድቅ ሽማግሌው ይቅር ካላለ በአፉ ይናገራል፤ «ተነሥ፣ ገና ነው፣ አማላጅ ላክ» ይላል። ዝም ካለ ግን ተቀብሏል። ይህ እናቴም አቦይም የሚኖሩበት ሕግ ነው። ሰውየው ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ምንም አልሰማም። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል።

«አያችሁ?» አለ ለቆመው ሰው ሁሉ። «አያ ዝም ብለዋል። ዐዋቂ ሰው እንዲህ ነው። እሳቸው ዝም ብለው ይቅር ካሉኝ አንቺ ምን ያንጫጫሻል?»

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ዳኑ ሲባል የሰማው ሰው ምን ተከፍሎ እንደዳኑ አልጠየቀም። የሸጠው ፍላሽ ምን ሊያስቀምጥ እንደተገዛ አልጠየቀም። የበላውን ድምፅ ዝምታ አሁን ደግሞ ይቅርታ ብሎ ለራሱ ሊበላው ነው።

አቦይ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ወሰዱ። ሻሹን ፈቱ። ታች፣ ሁለቱ አጥንቶች የሚገናኙበት ላይ፣ ሐኪሞቹ የከፈቱት ቀዳዳ አለ። ትንፋሻቸው በሱ ነው የሚገባ የሚወጣው፤ ፊሽ፣ ፊሽ ይላል። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ረዥም ነገር ተናገረ፣ ግንባራቸው ላይ ሥር ተገተረ፤ የወጣው ግን ያው ፊሽታ ነው።

ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ዕቃ መደርደሪያው ያዘው። አፉ ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ፣ «አብሽር» አለ። «አብሽር አያ… አብሽር።»

እጄ ሊሄድ ነበር፤ ፊቱ ላይ። በምን እንደተመለሰ አላውቅም። ፍላሿ መዳፌ ውስጥ ነበረች። ሄጄ ስፒከሩ ላይ ያለችውን የሱን ፍላሽ ነቀልኩና የኔን ሰካሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

መጀመሪያ ሳል መጣ፣ የሰፈሩን ቆርቆሮ ያነዘረ ሳል። ቀጥሎ «ይቀዳል?» የሚለው ያ ድምፅ። መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቆመ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። ሁሉም ያውቀዋል፤ ድምፁን ካጡት ቆይተዋል። «ቆይ፣ ቆይ፣ ደረቀብኝ። ኧረ ውሃ አቀብሉኝ!»

ከኔ ሱቅ ጎን በኩል ብረት ድስት ወድቆ ሲንኳኳ ሰማሁ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ፣ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዛ፣ መንገዱን ግራ ቀኝ ሳታይ እየሮጠች መጣች። ግማሹ እጇ ላይ ፈሷል። ሕዝቡን በክርኗ ገፍታ ገባች።

«አቦይ! ድምፅዎ ተመለሰ? እንቋዕ! እንቋዕ ፈጣሪ ረዳዎት! እንኩ ውሃ፣ እንኩ አቦይ፣ ይጠጡ!»

በሁለት እጇ ዘርግታላቸዋለች፣ ትሥቃለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ፊታችንን አየች። አንገታቸውን አየች። ከዚያ ስፒከሩን አየች፤ ሣቋ ከፊቷ ላይ እስኪወርድ ጊዜ ወሰደ።

አቦይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። እንደ ድሮው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኗት። ጠጡ። ፍላሿ ላይ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ስፒከሩ ጨርሶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር፤ እሳቸው እየጠጡ፣ «ኧረ ውሃ አቀብሉኝ!» አለ እንደገና።